ሻርማርኬ የደበቃት ኖታ

ሻርማርኬ የሚለው ስም በሶማሊኛ «ክፉ ያላየ» ማለት ነው። አውበሬ ገጠር ውስጥ ግመል ያረቡ የነበሩት አባቱ ለልጃቸው መልካሙን ተመኝተው ነው ያወጡለት። የጅግጅጋ ሰው ግን በሰው ምኞት አይጠራም፤ በዓይኑ ባየው ነው የሚጠራ። ስለዚህ «ሻርማርኬ ሸኪ» አለው። ሸኪ ጥርጣሬ ነው። በዚህ ከተማ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ ረጅሙ ረጅም፣ አንካሳውም አንካሳ ይባላል፣ ማንም ቅር አይለውም። ሻርማርኬን ግን ቅር አለው። ስሙን ያወጣለትን ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ያጣራል።

ገበያው ጥግ ባለች ጠባብ ሱቁ የተቃጠለ ስፒከርና ድምፅ ማጉያ ይጠግናል። ወንበሩ ወደ በሩ የዞረ ነው። ሻይ ሲመጣለት ካጠገቡ ያለው ሰው እስኪቀምስ ይጠብቃል። ደንበኛ ገብቶ «እንዴት አደርክ?» ሲለው «ለምን ጠየቅከኝ?» ይላል። ደህና መሆኑን ለመናገር በቅድሚያ የጠያቂውን ዓላማ ማወቅ አለበት።

ሰርግ ሲኖር ደግሞ ካበኑን ይዞ ይወጣል። ካበን ዑድ የሚሉት ባለ ክር መሣሪያ ነው፤ ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የተቀለሰ። ሰዎች «ካበኑም ባለቤቱን መሰለ፤ ማን እየተከተለኝ ይሆን ብሎ ወደ ኋላ ያያል» ይሉታል። ሲጫወት ግን የሚስቅበት የለም። በተለይ ሙሽራ ወደ አዳራሹ ስትገባ የሚጫወታት ዜማ አለች፤ ሚስቱን ሙልኪን ለማግባት ሲንከራተት በወጣትነቱ የሠራት። ዜማዋ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ትወርዳለች፣ ጆሮ «በቃ ቤቷ ገባች» ሲል በመጨረሻው ምት ከመሬት ተስፈንጥራ ላይ ትወጣለች። ሙሽራዋም በዚያች ዝላይ ላይ ነው ደፍ የምትሻገረው። የጅግጅጋ እናቶች ያለዚያች ዝላይ ልጅ የዳሩ አይመስላቸውም።

ይህችን ዜማ ግን ማንም ቀድቷት አያውቅም። ሻርማርኬ ሕግ አለው፤ ስልክ ወደ ላይ ከተነሳ እጁን ከክሩ ያነሳል። ሙሽራዋ አንድ እግሯን አንስታ ደጃፍ ላይ የቀረችበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱን የጠየቀው ሰው ድሮ ዋጃሌ ላይ ስለተደረገ ሰርግ ይሰማል። አንድ እንግዳ ነጠላ ሥር ቴፕ ደብቆ ቀዳው፤ ቆይቶ ከአንድ ሱቅ ስፒከር የራሱን ዜማ በሌላ ሰው ስም ሰማው። በሶማሊ ዘንድ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም፤ የሌላን ሰው ግጥም ወይም ዜማ የሚያሰማ መጀመሪያ የባለቤቱን ስም ይጠራል፣ ሳይጠራ የጀመረ ሌባ ነው። እርግጥ ያንን ካሴት ከሻርማርኬ ሌላ የሰማው ሰው የለም። ሙልኪ ራሷ «የሰማኸው ሌላ ዜማ ነው» ትለዋለች። እሱም ሙልኪን በዚህ ጉዳይ ይጠረጥራታል።

በ2015 ዓ.ም. መምህርት መሠረት ከደሴ ተመድባ መጣች። የሙዚቃ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈለገ ሁሉ ክፍል ከፈተችና የሻርማርኬ ልጅ ሂንዳም ገባች። ሂንዳ አጸደ ሕፃናት ታስተምራለች፣ በዓመቱ መጨረሻም ልትዳር ታጭታለች። ለመምህርቷ አባቷን ምን ብላ እንደምትጠራው ያስጠናቻት እሷ ናት፤ «ጋሼ አትበይው፣ ምን ፈልጋ ነው ይላል። ዓዴር በይው፣ አጎቴ እንደማለት ነው» ብላ።

መሠረት የተበላሸ ስፒከር ይዛ ሱቁ ሄደች።

«ዓዴር፣ ስፒከሩ ሰበብ ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «የሙሽራዋን ዜማ ለተማሪዎቼ ልጽፋት ፈልጌ ነበር። እርስዎን ሳላስፈቅድ ግን ደስ አላለኝም።»

«ግጥሙን?»

«ዜማዋን።»

ሻርማርኬ የመበየጃውን ብረት አስቀመጠ። «ዜማ ይጻፋል እንዴ? አየር እኮ ነው።»

መሠረት የስፒከር ካርቶን አገላብጣ አምስት መስመር አሰመረችበት። መስመሮቹ ላይና በመካከላቸው ነጠብጣቦች አስቀመጠች። «ነጠብጣቧ ኖታ ትባላለች። ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ በወረደች ቁጥር ይወፍራል። ሆዷ ክፍት ከሆነ ረጅም ነው፣ ከተሞላ አጭር። ጭራ ካወጣች ደግሞ የባሰ አጭር።»

ሻርማርኬ እንደ ራዲዮ ንድፍ አዘንብሎ አየው። መብራቱ በየት እንደሚገባ ፈለገ። «ይቺ መጀመሪያ ላይ የተጠቀለለችውስ?»

«የሶል ቁልፍ። መስመሮቹን የምትከፍትልን እሷ ናት፤ ሶል የትኛው መስመር ላይ እንደምትቀመጥ ትነግረናለች።»

«ቁልፍም ይዛ ነው የመጣችው» አለ በሆዱ፤ ጮክ ብሎ ግን፦ «ይቺኛዋስ? ኖታ አትመስልም።»

«ዕረፍት ናት። እዚህ ጋ ዝም ይባላል ማለት ነው።»

«ዝም ያልኩትንም ትጽፊያለሽ?»

«ስንት ምት ዝም እንዳሉ ጭምር።»

ሻርማርኬ በዚህ ከተማ ብዙ ዓይነት ጸሐፊ አይቷል። ሰው የተናገረውን የሚጽፍ ነበረ፣ ያልተናገረውን የሚጽፍም ነበረ። ዝም ያለውን ከነርዝመቱ የሚጽፍ ግን ገና አሁን ማየቱ ነው።

መሠረት የሰው ፊት የምታነብ ሴት አይደለችም፤ ቀጠለች። «ድምፆቹ ሰባት ናቸው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ። የእናንተ ዜማዎች እንደ እኛዎቹ ቅኝቶች አብዛኛውን ጊዜ አምስቱን ብቻ ነው የሚጠቀሙት።»

«ሁለቱንስ ማን ወሰዳቸው?»

መሠረት ሳቀች። ሻርማርኬ አልሳቀም። እስካሁንም መልስ እየጠበቀ ነው።

ሊፈትናት አሰበ። ካበኑን አውርዶ እዚያው የፈጠራትን፣ ሰው ያልሰማትን አጭር ነገር ተጫወተ። መሠረት ጻፈቻትና አመስግና ሄደች። በማግስቱ ሂንዳ ልብስ እያሰጣች ያችኑ አንጎራጎረች። ሻርማርኬ ከመጸዳጃ ቤት በግማሽ ውዱእ ወጣ።

«ሂንዳ! ከማን ሰማሽው?»

«ከማንም አልሰማሁም አቦ» አለችው፤ አቦ አባባ ማለት ነው። «መምህርቷ ከሰጠችኝ ወረቀት ላይ አነበብኩት እኮ።»

ከዚያ ወዲያ ቁርስ አልበላም። የገበያው ስልክ ቢያንስ ሲቀዳ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይታያል። ይቺ ሴት ግን ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ ዝም ብላ ዜማ ታወጣለች፤ ያልሰማው ሁሉ ይዘፍነዋል።

ሻይ ቤት ወዳጁ ቢሌ አለ። ቢሌ ወደ ዋጃሌ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ መኪናው ባዶ ሲመለስ እንኳ ወሬ ጭኖ ይመለሳል።

«ዋርያ፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ቢሌ። «አዲስ አበባ ትልከዋለች። ለኢድ ቴሌቪዥን ከፍተህ አንድ ጎፈሬ ያበጠረ ልጅ የአንተን ዜማ በኪቦርድ ሲነካው ታያለህ።»

«አመሰግንሃለሁ ቢሌ። እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው።»

«ታዲያ እምቢ በላት።»

«በምን አፌ? እንግዳ ናት። ልጄን ታስተምራለች። ደጄ መጥታ ዓዴር ብላ ጠየቀች።»

ቢሌ አሰበ። «እንግዲያስ አባትህ ያደርጉ የነበረውን አድርግ።»

ሻርማርኬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እንዴት እስካሁን አልመጣለትም! አባቱ መንገደኛ መጥቶ «ስንት ግመል አለህ?» ሲላቸው ሙሉውን ተናግረው አያውቁም። ግመል አርቢ የሆነ ሁሉ አይናገርም፤ ዓይን ይገባል፣ ሽፍታ ይሰማል። መንገደኛውን መመለስ ነውር ነው፣ ሙሉ ቁጥር መናገርም ሞኝነት ነው። ስለዚህ ከሁሉ የምትበልጠዋን ግመል ከጉብታው ጀርባ ያስቀሯትና የቀሩትን ያሳዩታል። እንግዳው ወተት ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ግመሏም ጉብታውን ዞራ ትመጣለች።

ሙልኪ ሐሳቡን ስትሰማ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ትታ ዞረች። «ሻርማርኬ፣ ዜማዋ እኮ ለእኔ የተሠራች ናት። የእኔን ግመል ነው የምትደብቀው?»

«ለጊዜው ነው።»

«ባልሽ ምን ይመስላል ቢሉኝ ምን እንደምል ጨነቀኝ እኮ። አንድ ቀን እኔንም ከጉብታ ጀርባ ትተኸኝ ትረሳኛለህ።»

ሻርማርኬ ግን ወስኗል። መሠረትን አስጠርቶ ዜማዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወተላት፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን መዝለሉን ትቶ ለስለስ አድርጎ ታች አሳረፋት። ያለ ዝላይዋ ዜማዋ ሰርግ አትመስልም ነበር፤ ምሳ በልቶ የሚተኛ ሰው ትመስላለች።

መሠረት ወረቀቷን አየች፣ እሱን አየች። «ዓዴር፣ እዚህ ጫፉ ላይ ወደ ላይ አትወጣም? ባለፈው ሰርግ ላይ ከውጭ ሆኜ ስሰማት የወጣች መስሎኝ አሁን አውጥቼ ነው የጻፍኳት።»

«ስፒከሩ ነው» አለ ሻርማርኬ። «አሮጌ ስፒከር መጨረሻ ላይ ይጮኻል። እኔ ነኝ የጠገንኩት፣ አውቀዋለሁ።»

ስፒከር ለሚጠግን ሰው ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። መሠረት ጥቂት ዝም አለች፤ ስንት ምት እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ከዚያ ላጲስ አውጥታ ጫፉ ላይ ያለችውን ኖታ አጠፋቻትና ታች ሌላ ጻፈች። ሻርማርኬ ያን ዕለት ፍየል አርዶ ቢበላ ደስ ባለው።

ግመሏ ግን አልተመለሰችም።

የቅዳሜው ክፍል ልጆች ዜማዋን በዋሽንትና በኪቦርድ ተማሯት። በትምህርት መዝጊያው በዓል ተጫወቷት፤ እዚያ ስልክ የሚከለክል ሻርማርኬ የለም። ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈች። የሰርግ ኪቦርዲስቶች ያዟት። ሽንሌ ያለችው እህቱ ቢሻሮ ደወለችለት። «ዜማህን እዚህ ሰርግ ላይ ሰማኋት! መጨረሻዋን ዝቅ ማድረግህ ደግ ነው፣ አሁን ለመዝፈንም ቀላል ሆነች» አለችው።

«በማን ስም?» ብሎ ጮኸ።

«በማን ስም ይሆናል? ልጁ ሳይጀምር ‹የጅግጅጋው ሻርማርኬ ዜማ› አለ። ለምን ትጮህብኛለህ?»

ሻርማርኬ ስልኩን ይዞ ቆመ። ማንም አልሰረቀውም። ወረቀቱ ራስ ላይ መሠረት ስሙን በትልቁ ጽፋ ነበርና ከአይሻ እስከ አውበሬ ያለው ሁሉ ስሙን እየጠራ ይጫወታታል፤ አንገቷ የተቆረጠችዋን። ሌባ ቢሆን ይከሰሳል። የሚከሰስ ሰው ማጣት እንዲህ እንደሚያናድድ አያውቅም ነበር። ወደ ቢሌ ሄደ፤ ቢሌ ግን «እኔ አባትህን ነው የጠቀስኩት፣ ሌላ አላልኩም» አለው።

የከፋው የሱዕዲ ሰርግ ላይ ነበር። ሱዕዲ የጎረቤት ልጅ ናት። ሻርማርኬ ካበኑን ይዞ ሙሽራዋን ሊያስገባ ተቀመጠና ዜማዋን እንደ ድሮው ጀመረ፤ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ተከተሉት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ ወደ ታች ወረዱ። ካበኑ ብቻውን ላይ ወጣ። አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሱዕዲ ቀድማ ደፉን ተሻግራ ነበር፣ ደንግጣ ወደ ኋላ ተመለሰች።

አንዲት ወጣት ጎረቤቷን በክርኗ ነካች። «የሰውዬው እጅ ደከመ፣ ዜማውን ረሳው።»

«የማን ዜማ ነው?»

«የሻርማርኬ።»

«እና ይሄ ማነው?»

«ሻርማርኬ።»

ሳቁ ከጥግ ጀምሮ አዳራሹን ዞረ። ሻርማርኬ ካበኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። ቤት ሲደርስ ሂንዳ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለራሷ ሰርግ ሂና የምትቀባትን ሴት በስልክ እየቀጠረች ነበር። ስልኩን ዘግታ ዜማዋን አንጎራጎረች፤ ጫፉ ላይ ወረደች።

ሻርማርኬ ከሷ ፊት ቁጭ አለ። እናቷን ያገባባት ዜማ ናት። ልጁ ራሷ፣ ከእሱ ደም የወጣች ልጅ፣ ሐሰተኛዋን ነው የምታውቀው።

«አቦ፣ መዓሊመድ መሠረትና ልጆቹ ሰርጌ ላይ ይጫወቱልኛል» አለችው፤ መዓሊመድ መምህርት ማለት ነው። «ከአንተ ጋር አብረው። ፈቅደሃል አይደል?»

ከሰርጉ በፊት የቀረው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ሻርማርኬ ወደ ክፍሉ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ ሴትዮዋ ምን ብላ እንደምትስቅበት አሰበ። ምናልባት ተማሪዎቹ ፊት ታስቆመዋለች። ምናልባትም ከመጀመሪያውም አውቃ ነበር፤ አውቃ ከሆነ ደግሞ ለምን ዝም አለች? ዝም ያለ ሰው እኮ የሆነ ነገር ይዟል።

መሠረት ወንበር ሰጠችው። እሱ በሩን ወደሚያይ ወንበር ተቀየረ።

«ዜማዋ ጫፏ ላይ…» አለና በሩን አየ። «ስፒከሩ አልነበረም።»

መሠረት አልሳቀችም። ያችኑ ወረቀት ከክምሩ አወጣችና አስቀመጠችለት። ከአምስቱ መስመሮች በላይ ላጲሱ ያልወሰደው ግራጫ ጥላ ይታያል፤ አንዲት ትንሽ መስመርና እሷ ላይ የተቀመጠች ነጠብጣብ።

«አውቀሽ ነበር» አለ።

«ጆሮዬ አውቆ ነበር።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ዜማው የእርስዎ ነዋ። የሰጡኝን አስተማርኩ። ያልሰጡኝን እንዴት አድርጌ ላስተምር?»

ሻርማርኬ ይህን መልስ ከፊትም ከኋላም አገላብጦ አየው። ቀዳዳ ፈልጎ አጣ። «እንግዲያስ» አለ ከተማሪዎቹ መካከል ወደ ተቀመጠችው ወደ ሂንዳ ሳያይ፣ «ግመሏን አምጥቻለሁ።»

መሠረት ግራ ገባት። ሂንዳ ግን የአያቷን ወሬ ታውቃለችና ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

መሠረት እርሳስ አነሳች። «አይሆንም» አለ ሻርማርኬ። «እርሳስ ይጠፋል፤ አይቻለሁ። እስክሪብቶ አምጪ። ደግሞ እኔ ነኝ የማስቀምጣት።»

እንዴት እንደሚጻፍ አሳየችው። መጀመሪያ ትንሿን መስመር አሰመረ። ከዚያ ቆመ።

«ሌሎቹ ሁሉ አምስቱ መስመር ውስጥ ናቸው። ለእኔዋ ብቻ ትርፍ መስመር ለምን አስፈለጋት?»

«ከአምስቱ በላይ ስለወጣች ነው፣ ዓዴር። ቦታው ሲያልቅ መሰላል ይጨመርላታል።»

«የሌላ አገር ዜማ ላይም አለ?»

«አለ።»

«አሳይኝ።»

መሠረት መጽሐፍ አወጣች። ሌላም አወጣች። ሻርማርኬ ትርፍ መስመሮቹን በጣቱ እየነካ አየና ሲጠግብ ነጠብጣቧን አስቀመጣት። ትንሽ ወፈረች፤ ከሌሎቹ ኖታዎች መካከል አንድ ስሙኒ የወደቀ ትመስል ነበር። ሆዷ ክፍት መሆን ነበረበት፤ እሱ ግን ሞላው። «ረጅም ናት ካልን ሆዷን እንክፈተው» ስትለው «ክፍት ነገር አልወድም» አላት። በስንት ልመና ሌላ ወረቀት ላይ ክፍት አድርጎ ጻፋት። ልጆቹ ሁሉ ከዚያች ገለበጡ፣ ደግመው ደጋግመውም ተለማመዱ። ሻርማርኬ እያንዳንዱን ወረቀት ዞሮ አየ፤ አንዱ ኖታዋን ከትርፉ መስመር ሥር አስቀምጦ አገኘውና «ማን ነው እንዲህ አድርግ ያለህ?» አለው።

የሂንዳ ሰርግ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ልጆቹ ከሻርማርኬ ጀርባ ተደርድረዋል፣ መሠረት ዳር ቆማ እጇን አንስታለች። ሂንዳ ደጃፉ ላይ ታየች። ሻርማርኬ ጀመረ፤ ዋሽንቶቹ ተከተሉ። ዜማዋ ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች። ሴቶቹ እያጨበጨቡ አብረው ወረዱ። ሻርማርኬ ከሴቶቹ አፍ ዓይኑን አልነቀለም፤ የሱዕዲ ሰርግ ትዝ ብሎታል። ዛሬ ሁለት ጫፍ ሊሰማ ነው፣ ልጁም በመካከሉ ልትቀር ነው።

ልክ ጫፉ ሲቃረብ ከፊት ወንበር አንድ ስልክ ወደ ላይ ተነሳ። የቢሌ ስልክ።

የሻርማርኬ እጅ ባለቤቱን አልጠየቀም። ከክሩ ተነሳ።

ሂንዳ አባቷን ታውቃለች፤ እግሯን እንዳነሳች ልትቀር ነበር። ዜማዋ ግን አልቆመችም። ልጆቹ ወረቀታቸውን እንጂ የሰውዬውን እጅ አያዩም ነበር። ወረዱ፣ ወረዱ፣ ሴቶቹም ከፊሎቹ መሬት ሊያሳርፏት አፋቸውን አዘጋጁ፤ ከዚያ ዋሽንቶቹ ተስፈንጥረው ትርፏ መስመር ላይ ወጡ። ከሁሉ በላይ የሙልኪ ዕልልታ አብሯቸው ወጣ። ሌሎቹ እናቶች ያችን ዝላይ ያውቋታልና አነሱት። የወረዱት ወጣቶች ግማሽ መንገድ ላይ ዝም አሉ። ሂንዳ ደፉን ተሻገረች።

ሻርማርኬ እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ቢሌ ቪዲዮውን ጨርሶ ስልኩን ኪሱ ከተተና በዓይኑ ጠቀሰው። ሙልኪ መጥታ ካጠገቡ ቆመች፤ ዓይኗ እርጥብ ነው።

«ሰማሃት?» አለችው። «መጣችልህ።»

«እኔ ሳልጫወት ነው የወጣችው።»

«እና ጥሩ አይደል? አንተ ዝም ስትልም ትወጣለች እንግዲህ።»

ሻርማርኬ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ልክ እንደ ካበኑ አንገት፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ያያቸው ነበር።

«ከነዚህ አንዱ ወደ ታች ወርዷል» አለ በመጨረሻ በሹክሹክታ። «ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ቅዳሜ ሄጄ ወረቀቱን አያለሁ።»